ኮሃ ምንድን ነው?

ኮሃ የቤተ መጻሕፍትን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። መጽሐፍ መመዝገብ፣ ማዋስ፣ ማስመለስ፣ የዘገየውን መከታተል በሱ ይሠራል። ተማሪውም ስልኩ ላይ ሆኖ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይኑር ወይ ሰው ይዋሰው ያያል። በነጻ ይወርዳል፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ማንም አይቶ ሊያሻሽለው ይችላል።

የተወለደው ኒውዚላንድ ነው። እዚያ አንድ አካባቢ ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት አሮጌ ሲስተም የፈረንጆቹን 2000 መግቢያ እንደማይሻገር ስለታወቀ፣ ካቲፖ የሚባል ትንሽ ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. አዲስ ሠራላቸው። ጃንዋሪ 2000 ላይ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም ለማንም ክፍት ሆኖ ተለቀቀ። በኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ በማኦሪዎች ቋንቋ ኮሃ ማለት ስጦታ ነው፣ ያውም ብድሩ የሚመለስ ስጦታ። ዛሬ የኛም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል።

ሶፍትዌሩን መጫን ግን ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። ኮሃ የሚመዘግበው ማርክ በሚባል ስልት ነው፤ እያንዳንዱ መረጃ የራሱ ቁጥር አለው፣ ደራሲ 100፣ ርዕስ 245 እያለ ይሄዳል። ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነገሩ ቀላል ነው፤ የተዘጋጀ መዝገብ ከአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት መቅዳት ይቻላል። የአማርኛ መጽሐፍ መዝገብ ከዚያ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። እንዳለ ከተዉት፣ በአማርኛ የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉ እፊቱ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ "አልተገኘም" ይባላል።

በግዕዝ ፊደል ብናስገባውስ? ደራሲው ጸጋዬ ኃይሉ ይባል እንበል። ጸ ሁለት መልክ አለው፣ ጸ እና ፀ። የኃይሉ መነሻ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ 12። ለኛ ጆሮ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን 12 ሰው። ፈረንጅ ሀገር እንደለመደው ስሙን ገልብጦ "ኃይሉ፣ ጸጋዬ" ብሎ የሚያስገባ ሰው ከተጨመረበትማ ደራሲው በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይቀራል። የኛ ስም አይገለበጥም፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ላይ 1965 ዓ.ም. ተብሎ ታትሟል። እንዲሁ 1965 ብለን ካስገባነው ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደውና መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ትክክለኛው 1965 [1972 ወይም 1973] ብሎ ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ካታሎግ የሚሠራው ሰው ነው፣ እና በጀት ሲያዝ የሚረሳው እሱ ነው። በሠራሁበት አንድ የምርምር ተቋም ኮምፒውተር ተገዛ፣ ባርኮድ ማንበቢያው መጣ፣ ሥልጠናው ሁለት ቀን ሆነና አበቃ። መዝገቡ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። አንድ ቀን መዝገቡ ያለበት ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ተቃጠለ። የሁለት ዓመት ሥራ አብሮ ሄደ፤ "ሲስተም የለም" እያልን ወደ ድሮው የወረቀት ካርድ መሳቢያ ተመለስን። እስካሁን ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ማታ ማታ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለ ኢንተርኔት የሚጨነቅ አለ። ሰርቨሩ ግቢ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም ኮሃ በግቢው ኔትወርክ መሥራቱን ይቀጥላል።

የ12ቱ ስም ጣጣም መፍትሔ አለው። ኮሃ ውስጥ የስሞች መዝገብ የሚባል ክፍል አለ፤ አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ሌሎቹን ወደሱ መምራት ይቻላል። ስለዚህ በ"ፀጋዬ" ፈልገው ያጡትን በ"ጸጋዬ" ካገኙት፣ ዴስኩ ላይ ላለችው ባለሙያ ይንገሯት። ያንን አጻጻፍ ለመጨመር ደቂቃ አይፈጅባትም።