«እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም»፦ ተረቱና የጎታው ሒሳብ

ይህ ተረት ዛሬ ዛሬ ያለ ቦታው ሲነገር መስማት የተለመደ ሆኗል። እድር ተጨማሪ መዋጮ ሲጠይቅ ወይም ለታመመ የሰፈር ሰው ገንዘብ ሲሰበሰብ «እኔ እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ተብሎ በር ይዘጋል፤ «አያገባኝም» ለማለት ነው። ሌላው ደግሞ በዱቤ ያስገባውን ሶፋ እያሳየ «ቤቴ ስለሚችል ነው፣ እንደ ቤቴ ነው የምኖረው» ይላል። ሁለቱም ተረቱን ከጓዳ አውጥተው አደባባይ ላይ ጥለውታል። መነሻው ጓዳ ነው፤ እህል ተሰፍሮ በሚቀመጥበት፣ ዓመቱ አስቀድሞ በሚታሰብበት ቦታ።

የገጠር ቤት እህሉን የሚያኖረው በሁለት ነገር ነው። ጎተራው ውጭ ይቆማል፤ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ተሠርቶ፣ በእበትና በጭቃ ተመርጎ፣ የሣር ክዳን ተደፍቶበት። ጎታው ግን ውስጥ ነው፣ የእመቤቷ ነው፤ የምትሠራውም እሷው ናት። ጭቃው ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ከዚያ በድንጋይ ላይ ከፍ ተደርጎ ይጀመርና ስንዝር ስንዝር እየተደረበ ይወጣል። የታችኛው ዙር ሳይደርቅ ሌላ ከተጫነበት ሆዱ ይጎብጣል። ጭዱ ካነሰ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ሳይነጠፍለት መሬት ላይ ከተቀመጠ የክረምቱን እርጥበት ከሥሩ ይስብና የታችኛው እህል ይሻግታል። ከግርጌው እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ትተውለታለች፤ እሷም በጨርቅ ውታፍ ትደፈናለች። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተከድኖ በእበት ይመረጋል።

እህል ሲወጣ የሚወጣው በዚያች በታችኛዋ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ምን ያህል እንደቀረ በዐይን አይታይም። ባለቤቲቱ የጎታውን ግድግዳ ከላይ ጀምራ ወደ ታች በጣቷ ታንኳኳለች። ባዶው ክፍል ያስተጋባል፣ እህል ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ የእህሉ ወሰን ነው። ለእንግዳ የሁሉም ቤት ጎታ አንድ ነው፤ የተመረገ አፍ፣ የደረቀ ጭቃ። የቤቱን ልክ የምታውቀው ያንኳኳችው ሴት ብቻ ናት፤ የጎረቤቷን ደግሞ እሷም አታውቅም። ተረቱ ከዚህ እውቀት የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የጎረቤቴ ድግስ ይታየኛል፣ ጎታው ግን አይታየኝም፤ ባላየሁት ጎታ ልክ እንዴት ልኑር?

ከአውድማ የመጣ እህል ሁሉ ቀለብ እንዳልሆነ ደግሞ መታወቅ አለበት። በመጀመሪያ ዘር ይነሣል። ለአንድ ሄክታር ጤፍ በብተና ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ሲበቃ፣ ስንዴ 150 ኪሎና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ስንዴ የሚዘራ ቤት እንግዲህ ገና ከጅምሩ ትልቅ ድርሻ አይነካም ብሎ ለብቻው ያስቀምጣል። ቀጥሎ ግብርና ብድር አለ። ከዚያ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ዓውደ ዓመቱ። ቀለብ የሚባለው ይህ ሁሉ ወጥቶ የቀረው ነው።

ቀለቡ በቁና ይሰፈራል። እንደየአገሩ ቢለያይም 20 ቁና አንድ ዳውላ፣ አንድ ዳውላም ወደ 100 ኪሎ ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል። ስምንት ዳውላ ቀለብ የቀረው ቤት 160 ቁና አለው ማለት ነው። ለ12 ወር ሲካፈል በወር 13 ቁና ይደርስና 4 ቁና ይተርፋል። ባልትና ያላት ሴት ግን እኩል አታካፍልም። በጥርና በየካቲት ሥራው ረገብ ያለ ነው፤ ያን ጊዜ በ11 ቁና ታሳልፋለች። ያተረፈችውን ለሐምሌና ለነሐሴ ታሻግራለች፤ አረም ነቃዩ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚውል 15 ቁናም አይበዛበትም። እህሉም በወቅቱ ይለያያል። ጤፉ ለእንግዳና ለበዓል ይቆያል ወይም ይሸጣል፤ ለየዕለቱ ገብሱ፣ በቆሎው፣ ማሽላው፣ ዳጉሳው አለ። ክረምቱ ሲጠና ድንቹና ጎመኑ የእህሉን ቦታ ይደግፋሉ። ዘመን ሲለወጥ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ያ ወራት ስላለፈ ነው።

ይህ ሒሳብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአያያዝ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የገባ እህል ጎታ ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል። መፈተኛው ጥርስ ነው፤ ሲነክሱት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ይገባል፣ ከተለጠጠ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ባቄላና በቆሎ ነቀዝ ይወዳቸዋል፣ ጤፍን ግን ፍሬው ከማነሱ የተነሣ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ብልሆቹ ባቄላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡታል። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል፤ ጤፉ ከሥር ይወርዳል፣ ባቄላው ከላይ ይቀራል። ምንም ሳይባክን ሁለት እህል በአንድ ጎታ ከረመ ማለት ነው።

ተረቱ መቼ ተወለደ ቢባል የእኔ መልስ ጥር ላይ ነው። የጎረቤት ጠብ ወለደው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። ጥር አውድማው ተወቅቶ ያለቀበት፣ ጎታው አፍ አፉ ድረስ የሞላበት፣ ጥምቀት ያለበት፣ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት ወር ነው። ድሃውም ሀብታሙም ለጊዜው እኩል የጠገበ ይመስላል። ልዩነቱ የሚወጣው ሰኔ ሲገባ ነው። በነሐሴ «እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ማለት ትርጉም የለውም፤ ምርጫ የለማ። የሚያስፈልገው እህሉ በሞላበት፣ የጎረቤት ዳስ በተጣለበት፣ ልጆች «እኛስ መቼ ነው የምንደግሰው?» በሚሉበት ወር ነው። ተናጋሪዋም ሴት ናት እላለሁ። «ቤቴ» እያለች የምትናገረው ቁናውን የያዘችው፣ በጣቷ ያንኳኳችው እሷ ናት። የቃል ማስረጃ ባይኖረውም ከጓዳው ሥራ ጋር እንዲህ የሚገጥም ሌላ አፈታት አላገኘሁም።

ደስታውም እዚህ ላይ ነው። ቆጥራ ያወቀች ሴት የጎረቤት ጢስ አያባባትም። ለወር 13 ቁና እንዳላት ታውቃለች፣ እስከ መቼ እንደሚያደርሳት ታውቃለች፤ ማታ ተመስገን ብላ ትተኛለች። የሚያስጨንቀው የማነሱ ጉዳይ ሳይሆን እስከ የት እንደሚያደርስ አለማወቁ ነው። ስድስት ዳውላ ያለው ቆጣሪ አስር ዳውላ ካለው የማይቆጥር ጎረቤቱ የተሻለ እንቅልፍ ይተኛል።

የከተማው ደመወዝተኛ ጎታ የለውም፤ ወር ግን አለው። ወሩም እንደ ዓመቱ ጥርና ነሐሴ አለው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ጥር ነው፣ የመጨረሻው ነሐሴ። ዘር ተብሎ መጀመሪያ የሚነሣው የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እድሩና እቁቡ ይከተላሉ። ቀለብ የሚሰላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚህም እንጀራው ይቅደም። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ አምስት ስድስት እንጀራ ይወጣዋል። በቀን ስድስት እንጀራ የሚበላ ቤት በወር ከ30 እስከ 36 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ተነፍቶና ተፈጭቶ ሦስት ወር ገደማ ይሄዳል። ይህን ቁጥር የማያውቅ ቤት ጤፍ የሚገዛው ሲያልቅበት ነው፤ ሲያልቅበት የሚገዛ ደግሞ በየኪሎው፣ በተገኘው ዋጋ ነው።

ጤፉን ከማሽላ መቀላቀል የኩንታሉን ዕድሜ ያስረዝማል፤ ብዙ ቤት ግን አንዴ ሞክሮ «ደረቀብን» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ያለው አብሲቱ ላይ ነው። ሦስት እጅ ጤፍ ለአንድ እጅ ማሽላ ተደርጎ በእርሾ ይቦካል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይቀነሳል። ከሊጡ አንድ ጭልፋ ተወስዶ በሦስት እጅ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፤ አብሲት የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ለብ እስኪል ይጠበቃል፤ ጣት ሲገባበት የማያቃጥል መሆን አለበት። በትኩሱ ከተመለሰ ሊጡን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዐይን አያወጣም። አብሲቱ ካነሰ እንጀራው በማግስቱ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ማሽላ ያለበት ሊጥ ደግሞ ከንጹሕ ጤፍ ይልቅ አብሲት በርከት ያለ ይፈልጋል። አብሲቱ ተመልሶ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ይጋገራል።

ጋገራውንም መሰብሰብ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ለመጋል የሚፈጀው ጊዜ አምስት ብትጋግሩም ሃያ ብትጋግሩም ያው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ አብዝቶ መጋገር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር ይሻላል። በአንዴ ለሳምንት መጋገር ግን ትርፉ ሻጋታ ነው፤ በክረምት እንጀራ ከሦስት ቀን በላይ እምብዛም አያስተማምንም። የተረፈው ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ድርቆሽ ይሆናል። እርጥብነት ሳይለቀው ከታሰረ ግን መሐሉ ይሸታል። በእጅ ሲጨብጡት ድቅቅ ሲል ደርሷል፤ ያኔ በወር መጨረሻ ለፍርፍር የተዘጋጀ ስንቅ ነው።

ሽሮውም እንዲሁ ነው። አተሩና ሽንብራው ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተበጥሮ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ኮረሪማው ደርቆ ገብቶበት አንዴ ሲፈጭ ለወራት ይበቃል። ሱቅ በየሩብ ኪሎው ከሚገዛው ጋር ልዩነቱ በጣዕሙም በዋጋውም ይታወቃል። ቅመሙ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ግን ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ሳይውል ሳያድር ይበላሻል።

እንዲህ የሚኖር ቤት ከጎረቤቱ የተቆራረጠ አይደለም። ገጠር ውስጥ የጎደለባት በቁና ትበደራለች፣ በወሰደችበት ቁና ትመልሳለች፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውም ከዚሁ መስፈሪያ የተወሰደ ነው። ጎረቤት የሌለው ቤት ሐምሌን አይሻገርም፤ አረሙን ብቻውን ነቅሎ፣ አጨዳውን ብቻውን ጨርሶ አይዘልቅም። ስለዚህ ይህን ተረት ለእድር ሰብሳቢ መመለሻ ማድረግ ነውር ነው። የባሰው ደግሞ የራሱን ወር ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ሲናገረው ነው። ቀለቡ ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ታዲያ የትኛው ቤቱ ልክ ነው የሚኖረው? ልጆች ፊት «ከእነ እገሌ ጋር አንወዳደርም» እያሉ ተረቱን እንደ ቁጭት ማሰማትም ያው ጥፋት ነው። ልጁን እህሉን አብሮ እንዲሰፍር፣ ዱቄቱን እንዲመዝን ያደረገ ወላጅ ያን ሁሉ መናገር አያስፈልገውም።

አብሮ መኖርና በልክ መኖር እንዴት እንደሚገጥሙ ለማየት ቅርጫን መመልከት ይበቃል። በሬው በጋራ ይገዛል፤ ታርዶ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሳይቀር በየመደቡ እኩል ይከፋፈላል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል። አቅም ያለው ሙሉ መደብ ይወስዳል። የሌለው ከሌላ ቤት ጋር አንዱን መደብ ለሁለት ይካፈላል፤ ዕጣው ሲጣል ግን እንደማንም ሰው ቆሞ ያወጣል። ከመስቀል ማግስት ጀምረው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ ለገና የበሬው ዋጋ ያለ ብድር ይደርስላቸዋል።