ቁጥር 110፦ የአርኬድና አቲካ መስመር አነስተኛ ዲዝል-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ

ቁጥር 110 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል፣ ከበፋሎ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የአርኬድና አቲካ የባቡር መስመር ላይ ያገለገለ ባለ 44 ቶን ዲዝል-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎችን የሚጎትት የባቡር ራስ) ነው። የመስመሩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አዲስ እንደሆነ የገዛው በ1941 ሲሆን፣ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሎኮሞቲቩ በመልኩም ሆነ በጉልበቱ ከታላላቆቹ ጎታቾች ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ታሪካዊ የሚያደርገው በእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ወጪ ይማቅቅ የነበረን የገጠር መስመር ከመዘጋት ካዳኑት ነገሮች ዋነኛው መሆኑ ነው።

ሀዲዱ በመጀመሪያ የተዘረጋው በ1880 እና በ1881 ሲሆን፣ ያኔ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት ከመደበኛው የጠበበ ነበር። ወደ መደበኛው ስፋት ከተለወጠና ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲዘዋወር ከቆየ በኋላ፣ በ1917 የአካባቢው ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት፤ ኩባንያው የዛሬ ስሙን የያዘውም በዚያን ጊዜ ነው። አገሩ የወተት ላሞችና የእርሻ አገር በመሆኑ መስመሩም ይኖር የነበረው ከገበሬው ጋር ነበር። በአንድ ጫፉ አርኬድ ላይ ከፔንሲልቬኒያ፣ በሌላው ጫፉ አቲካ ላይ ከኢሪ የባቡር ኩባንያዎች ሀዲድ ጋር ይገናኝ ስለነበር፣ ጭነት የጫኑ ፉርጎዎችን ከእነዚህ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ይቀበልና ያስረክብ ነበር።

የባለ 44 ቶኑ ክብደት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በ1937 የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ባደረጉት ስምምነት መሠረት፣ ሞተሩ በሚያሽከረክራቸው ጎማዎቹ ላይ የሚያርፈው ክብደት 90,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ሎኮሞቲቭ ሁሉ ከነጂው ሌላ እሳት አንዳጅ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ፤ የዲዝል ሞተር ግን እሳት የሚያነድለት ሰው አያስፈልገውም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በፔንሲልቬኒያ፣ ኢሪ ከተማ ባለው ፋብሪካው ከ1940 እስከ 1956 የሠራው ይህ ዓይነት ሎኮሞቲቭ የተነደፈው ከወሰኑ በጥቂቱ ዝቅ እንዲል ነው። አንድ የአሜሪካ ቶን 2,000 ፓውንድ በመሆኑ 44 ቶን 88,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 40,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከወሰኑ የሚለየውም አንድ ቶን ብቻ ነው። ከማሽኑ አቅም ይልቅ የደመወዝ ስምምነት መጠኑን የወሰነለት እንዲህ ያለ ሎኮሞቲቭ በባቡር ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የነጂው ክፍል በመካከል ተቀምጦ፣ ከፊትና ከኋላ ሞተሮቹን የያዙ ሁለት ዝቅ ያሉ አፍንጫዎች አሉት። ስለዚህ ነጂው ወደየትኛውም አቅጣጫ ሲሄድ ሀዲዱን ያያል፤ መስመሩ ጫፍ ሲደርስም ሎኮሞቲቩን ማዞር አያስፈልግም። በእያንዳንዱ አፍንጫ ውስጥ ስምንት ሲሊንደር ያለው የካተርፒላር ዲዝል ሞተር አለ። ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም፤ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ በአራቱ አክስሎች (ጎማዎቹን በሚያገናኙት ዘንጎች) ላይ የተገጠሙትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። ይህ አሠራር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም የዲዝል ሞተር ከባድ ጭነትን ከቆመበት ለማስነሣት በዝቅተኛ ዙር በቂ ጉልበት የለውም፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍተኛውን የመጎተት ኃይል የሚሰጠው ገና ከመነሻው ነው። የሁለቱ ዲዝሎች ድምር እንደ ተሠሩበት ዘመን ከ360 እስከ 400 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር ገደማ አይበልጥም። ጥቂት ፉርጎዎችን ከመንደር ወደ መንደር ለሚያደርስ መስመር ይህ በቂ ነበር።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከጉዞ በፊት ለሰዓታት እየነደደ መሞቅ አለበት፤ ድንጋይ ከሰልና ውሃ ይፈልጋል፤ አመዱ ይጠረጋል፤ ውሃው የሚፈላበት ቦይለርም በየጊዜው ይታጠባል። ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ላለው አነስተኛ ኩባንያ እያንዳንዱ ሥራ ገንዘብ ነው። ቁጥር 110 ሲመጣ ይህ ሁሉ ድካም ቀለለ፤ በ1947 የእርሱ አምሳያ የሆነው ቁጥር 111 ሲጨመርም ዕለታዊውን የጭነት ሥራ ሁለቱ ዲዝሎች ተረከቡት።

በ1957 ጎርፍ ወደ አቲካ የሚወስደውን የሀዲድ ክፍል ስለጠረገው ኩባንያው ጥገናውን ትቶ ያንን ጫፍ ዘጋው፤ ከአርኬድ እስከ ኖርዝ ጃቫ ያለው ወደ 24 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ብቻ ቀረለት። ስሙ ግን አልተለወጠም፤ ወደ አቲካ ሳይደርስ ዛሬም አቲካን ይጠራል።

ኩባንያው በ1962 በ1920 የተሠራውን ቁጥር 18 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ገዝቶ ከአርኬድ ወደ ከሪየርስ ጎብኚዎችን ማመላለስ ጀመረ። ሰው ትኬት የሚቆርጠው ጭሱንና ጡሩምባውን ፈልጎ ነው። ጭነቱን መጎተት ግን የዲዝሎቹ ድርሻ ሆኖ ቀጠለ፤ ቁጥር 18 ለጥገና በሚቆምባቸው ጊዜያትም ጎብኚዎቹን የሚጎትተው ዲዝል ነው።