ባልቲክ ፖርተርን በቤት መጥመቅ

ባልቲክ ፖርተር ጠቆር ያለ፣ ወፍራምና ኃይለኛ ቢራ ነው። የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ6.5 እስከ 9.5 በመቶ ይደርሳል። ዛሬ በስፋት የሚጠመቀው በፖላንድና በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች ነው። በቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች አስመስለው ለመጥመቅ ከሚሞክሯቸው የፋብሪካ ቢራዎች መካከል የፖላንዱ ዢቪየትስ ፖርተር ይገኝበታል። ማስመሰሉ ግን ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥቁረቱን ከምሬት ጋር አንድ አድርገው ስለሚያዩት ነው።

የፖርተር ትውልድ አገሩ ለንደን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተማው ሸክም ተሸካሚዎች ይወዱት ስለነበር በእነሱ ስም ተጠራ። ያኔ ቀለሙን የሚያገኘው በእሳት ከደረቀ ቡናማ ብቅል ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃይድሮሜትር፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟውን ስኳር መጠን የሚያሳይ መለኪያ፣ ወደ ጠመቃ ቤት ሲገባ፣ ቡናማው ብቅል ከነጣ ያለው ብቅል ያነሰ ስኳር እንደሚሰጥ ታወቀ። ጠማቂዎቹም ወደ ርካሹ መንገድ ዞሩ፤ ቢራው ግን ነጣባቸው። መላ ያመጣው ዳንኤል ዊለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1817 ብቅልን እንደ ቡና በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ቆልቶ የሚያጠቁር ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቁር ብቅል ብዙ ቢራ ያጠቁር ጀመር። ጠላ የምትጠምቅ እናት አሻሮዋን በምጣድ ላይ እያመሰች ቀለም የምታወጣበት ብልሃት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከእንግሊዝ በመርከብ የሚሄደውን ኃይለኛ ፖርተር የባልቲክ ሰዎች ለመዱትና ራሳቸው መጥመቅ ያዙ። በሄልሲንኪ ኒኮላይ ሲኔብሪኮፍ እ.ኤ.አ. በ1819 የመሠረተው ፋብሪካ ዛሬም 7.2 በመቶ የሆነ ፖርተር ያወጣል፤ እርሾውም እንደ እንግሊዞቹ በሞቃት ሙቀት የሚሠራው ዓይነት ነው። ሌሎቹ ግን አብዛኞቹ በብርድ ወደሚያፈላው የላገር እርሾ ተሻገሩ። ባልቲክ ፖርተር ከእንግሊዙ ዘመዱ የተለየው በዚህ ነው። ዢቪየትስ ፖርተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው፤ ኋላ ምርቱ ወደ ቼሺን ከተማ ተዛውሯል። ኃይሉ 9.5 በመቶ ነው። እኛም አገር ጥቁር ቢራ እንግዳ አይደለም፤ የሐረሩ ሐኪም ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ ነው፣ ኃይሉ ግን እዚህ አይደርስም።

አስመስሎ ለሚጠምቀው ትልቁ ፍንጭ የፖላንድ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የዢቪየትስ ፖርተር መለያ 22 በመቶ ይላል። ይህ የአልኮል መጠን አይደለም፤ እርሾ ከመግባቱ በፊት በጣፋጩ የብቅል ውሃ ውስጥ የሟሟው ነገር፣ በአብዛኛው ስኳር፣ ምን ያህል እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። በሃይድሮሜትር ሲለካ 1.092 ገደማ ይሆናል (ንጹሕ ውሃ 1.000 ነው)። 20 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ ለማውጣት 9 ኪሎ ያህል ብቅል ያስፈልጋል፦ 5 ኪሎ ፒልስነር፣ 3 ኪሎ ሙኒክ፣ 700 ግራም ካራሜል፣ የቀረው 300 ግራም ደግሞ ገለባው የተነሳለት ጥቁር ብቅል። ገለባ ያልተነሳለት ጥቁር ብቅል በዝቶ ሲገባ አፍ ላይ አመድ አመድ ይላል፤ ያ ስታውት ይሆን ይሆናል እንጂ ባልቲክ ፖርተር አይሆንም።

የተፈጨው ብቅል በ67 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። 9 ኪሎ ብቅል ከነውሃው 30 ሊትር ድስትም አይበቃው፤ ጀማሪ ሁሉንም በግማሽ ቀንሶ 10 ሊትር ቢጠምቅ ይሻለዋል። ተጣርቶ የወጣው ውሃ አንድ ሰዓት ተኩል ይንተከተካል። በጌሾ ፋንታ ሆፕስ ይገባል። ማሪንካ ከተባለው የፖላንድ ሆፕስ 40 ግራም ገደማ ለምሬቱ ይበቃል፤ ሉብሊን የተባለውን ሌላ ሆፕስ ከጨመሩም በመጨረሻ ላይ ለጠረኑ ብቻ ነው።

ሥራው የሚበላሸው እርሾ ላይ ነው። ይህን ያህል ስኳር በብርድ የሚበላ እርሾ ብዙ መሆን አለበት፤ ለ20 ሊትር አንድ ፓኬት ደረቅ እርሾ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ሦስት ወይም አራት ያስፈልጋል። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ባለ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈላል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ቀን ሙቀቱን ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ማድረግ በመፍላት ጊዜ የሚመጣውን የቅቤ ሽታ ያጠፋል። ከዚያ ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድ ቢያንስ ሁለት ወር ይተኛል። አዲስ ሲቀመስ አልኮሉ ያቃጥላል፤ ከወራት በኋላ ግን የደረቀ ፕሪምና የቸኮላት ጣዕም ይወጣዋል። ይህን ዕድሜ በምንም ቅመም መተካት አይቻልም።

ወደ ጠርሙስ ሲገባ ለአንድ ሊትር 5 ግራም ያህል ስኳር ከጥቂት አዲስ እርሾ ጋር ይጨመራል፤ የከረመው እርሾ ደክሟልና። መፍላቱ ሳያልቅ ጠርሙስ የሞላ ሰው ፍንዳታ ይጠብቀዋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ማለትም 378 ሊትር ያህል፣ ለራሱ ቢጠምቅ ግብር አይጠይቀውም። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ያሉ ወገኖች ግን ይህን መሞከር የለባቸውም፤ አልኮል መጥመቅ እዚያ ያሳስራል።

ፖላንዶች በየዓመቱ የጃንዋሪ ሦስተኛ ቅዳሜን የባልቲክ ፖርተር ቀን ብለው ያከብራሉ። ለዚያ ቀን የራሱን ጠርሙስ መክፈት የሚፈልግ ጠማቂ ድስቱን መጣድ ያለበት በአውሮፓ በጋ፣ በሐምሌ ገደማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ያለ ትርፍ ፍሪጅ አይሆንለትም።