የፍጹም ዋጋ ያለእኩልነት ምንድን ነው?

የአንድ ቁጥር ፍጹም ዋጋ ማለት ቁጥሩ በቁጥር መስመር ላይ ከዜሮ ያለው ርቀት ነው፤ ቁጥሩን በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል አስገብተን እንጽፈዋለን። የፍጹም ዋጋ ያለእኩልነት ደግሞ ይህ ርቀት ከአንድ ቁጥር እንደሚያንስ ወይም እንደሚበልጥ የሚናገር ነው። ርቀት ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ ቢለካ ኔጌቲቭ ስለማይሆን |5| እና |−5| ሁለቱም 5 ናቸው። በድሬዳዋ የማስጠናቸው ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት «የመቀነስ ምልክቱን አጥፋ» የሚለውን ደንብ ነው። ይህ ደንብ ለታወቀ ቁጥር ይሠራል፤ በውስጡ ያልታወቀ ቁጥር ሲገባ ግን የሚጠፋ ምልክት መኖር አለመኖሩ ስለማይታወቅ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ርቀትን መያዝ ይሻላል።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን መንገድ እንደ ቁጥር መስመር ወስደን አወዳይን ዜሮ ላይ እናስቀምጥ፤ ወደ ሐረር ያለው አቅጣጫ ፖዘቲቭ፣ ወደ ሐረማያ ያለው ኔጌቲቭ ይሁን። የሚኒባስ ሹፌር ደውሎ ከአወዳይ ያለው ርቀት ከ3 ኪሎ ሜትር እንደሚያንስ ቢነግረን፣ ገና አወዳይ አልደረሰም ወይም አልፎታል፤ የትም ቢሆን ግን፣ ያለበትን ቦታ ሀ ብንለው፣ |ሀ| < 3 ስለሆነ ያለው በ−3 እና በ3 መካከል ነው፤ ይህም −3 < ሀ < 3 ተብሎ ይጻፋል። ርቀቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ካለን ደግሞ |ሀ| > 3 ነው፤ መኪናው በሐረር በኩል ወይም በሐረማያ በኩል ይገኛል እንጂ በሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ መልሱ ሀ < −3 ወይም ሀ > 3 ይሆናል።

አሁን |2ሀ − 6| ≤ 4 የሚለውን እንፍታ። ርቀቱ ከ4 ስለማይበልጥ −4 ≤ 2ሀ − 6 ≤ 4 ብለን እንጽፋለን፤ በሦስቱም ቦታ 6 ስንደምር 2 ≤ 2ሀ ≤ 10፣ ለ2 ስናካፍል 1 ≤ ሀ ≤ 5 እናገኛለን። በግራፍ ሲሳል 1 እና 5 ራሳቸው መልስ ስለሆኑ በሁለቱም ላይ የተሞላ ክብ ይደረግና በመካከላቸው ያለው መስመር ይደምቃል።

|ሀ + 2| > 3 ግን ለሁለት ይከፈላል፤ ከሀ + 2 > 3 ሀ > 1፣ ከሀ + 2 < −3 ደግሞ ሀ < −5 ይወጣል። በ−5 እና በ1 ላይ ክፍት ክብ ተደርጎ መስመሩ ከሁለቱ ወደ ውጭ ይሰመራል። በጣም የሚደጋገመው ስሕተት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን መልሶች አጣምሮ 1 < ሀ < −5 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ሳያስበው 1 ከ−5 ያንሳል ማለቱ ነው። −5 እና 1 መስመሩን ከሚከፍሏቸው ሦስት ክፍሎች አንዳንድ ቁጥር ወስዶ መፈተሽ ጥርጣሬውን ያጠፋል፦ −6 ሲገባ ርቀቱ 4 ስለሚሆን እውነት ነው፤ 0 ሲገባ 2 ስለሚሆን ሐሰት ነው፤ 2 ሲገባ 4 ስለሚሆን እንደገና እውነት ነው።

ስሌት ከመጀመር በፊት በቀኝ በኩል ያለውን ቁጥር ማየትም ያስፈልጋል። |ሀ + 1| < −2 ርቀት ኔጌቲቭ ስለማይሆን ምንም መፍትሔ የለውም፤ |ሀ + 1| > −2 ደግሞ ለማንኛውም ቁጥር እውነት ነው፤ |ሀ + 1| ≤ 0 ግን አንድ መፍትሔ ብቻ ስላለው በቁጥር መስመሩ ላይ የሚሳለው በ−1 ላይ ያለ አንድ የተሞላ ነጥብ ነው።