የሮማ የብር ሳንቲሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በሳንቲሙ ላይ ያለው ፊት ሁሉ የንጉሠ ነገሥት ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዲናር የተባለው የብር ሳንቲም መመታት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ገደማ፣ ሮማ ከካርቴጅ የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር ስትዋጋ ነው። ያኔ ንጉሠ ነገሥት የሚባል አልነበረም። በአንዱ ገጽ የራስ ቁር የደፋች ሮማ የተባለች አምላክ፣ በሌላው ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉ መንትያ ፈረሰኞች ይታዩ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው መልኩን በገንዘብ ላይ ማስቀረጹ የንጉሥነት ምኞት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሮማውያን ደግሞ ነገሥታታቸውን ካባረሩ ዘመናት አልፈዋል።

በሮማ ከተማ ይህን ልማድ የጣሰው ዩልየስ ቄሳር ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44። በዚያው ዓመት ማርች 15 ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ ቀጥሎ ባስመታው ዲናር ላይ ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸውም ነፃ የወጣ ባሪያ የሚያደርገውን ቆብ አስቀረጸ። በሌላው ገጽ ግን ያለው የራሱ የብሩተስ መልክ ነው! ንግሥናን እጠላለሁ ብሎ ሰው የገደለ ሰው ይህን ማድረጉ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ከሮማ ሳንቲሞች ሁሉ በጥሞና መታየት ያለበት ይህ ይመስለኛል።

«ይሁዳ የተቀበለው 30 ብር የሮማ ዲናር ነበር»

ወንጌሉ የሳንቲሙን ዓይነት አይናገርም። ብዙ ሊቃውንት የጢሮስ ከተማ የብር ሳንቲም፣ ሰቅል፣ እንደሆነ ያስባሉ፤ የቤተ መቅደሱ ግብር የሚከፈለው በእርሱ ነበርና። አንዱ ሰቅል ከአንድ ዲናር ከሦስት እጥፍ በላይ ይመዝናል። ኢየሱስ «ይህ መልክ የማን ነው?» ያለለት ግን ዲናር ነው፤ አብዛኞቹ የጢባርዮስ ቄሳር ነው ይላሉ።

«ብር ከተባለ ንጹሕ ብር ነው»

መጀመሪያ ላይ ለንጹሕ የቀረበ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኔሮ እ.ኤ.አ. በ64 ገደማ ክብደቱንም የብሩንም መጠን ቀነሰ። በሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ ዘመን ብሩ ወደ ግማሽ ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ270 አካባቢ ጀምሮ «የብር» የሚባለው ገንዘብ በአብዛኛው ላዩን ብር የተቀባ መዳብ ነበር። ወታደሩ የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል፣ ብሩ አይበቃም፤ መዳብ ይጨመርበታል።

«ምስሉ ከመሃል የወጣ ሳንቲም ሐሰተኛ ነው»

እያንዳንዱ ሳንቲም በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል ተደርጎ በመዶሻ በእጅ ይመታ ስለነበር፣ የተዛነፈ ምስልና የተሰነጠቀ ጠርዝ የተለመደ ነው። ይልቅ የሚያሠጋው በጠርዙ ዙሪያ የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ነው፤ ሳንቲሙ ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ መሠራቱን ይጠቁማል።