ባሩድ እንደ በርበሬ አይሰጣም

የጳጉሜ ዝናብ የራሰ ርችት ይዞ አንድ የሰፈራችን ልጅ መጣ። «ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይሠራል አይደል?» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን የባሰ ነው። ጓደኛው ቤት ውስጥ ራሱ ቀላቅሎ ሊሠራ እየሞከረ ነው። «ሲለኮስ ብቻ መራቅ ነው» ብሎታል። ያን ቀን ያልኩትን እዚህም ልድገመው። አደጋው ክብሪት እስኪጫር አይጠብቅም። በጣም ከሚያስፈሩት ሰዓቶች አንዱ ድብልቁ የሚደርቅበት ነው።

«እርጥብ እስከሆነ ምንም አይልም»

ይህን ያህል የሚያዘናጋ አባባል የለም። እርጥበት ብዙ ድብልቆችን ከብልጭታ ያስጥላል፤ እሱ ልክ ነው። የአሉሚኒየም ወይም የማግኒዥየም ዱቄት ሲገባበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ይብላላል። ሙቀትና ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ናይትሬት የሚባለው የባሩድ ጨው ካለበት የአሞኒያ ሽታ ሊመጣ ይችላል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክምሩ መሃል ይታመቃል፤ ላዩን ቢነኩት ግን ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል። ማንም ሳይነካው፣ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

«ሲቫካሲ ውስጥስ ፀሐይ ላይ ያደርቁ የለም እንዴ?»

ሲቫካሲ በደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ያለች ከተማ ናት። ዝናቧ ትንሽ፣ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። የክብሪትና የርችት ሥራ እዚያ የተስፋፋውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው። አዎ፣ ያደርቃሉ። ግን ማድረቂያው ከመሥሪያ ክፍሎቹ መራቅ አለበት፤ በአንድ ቦታ የሚቀመጠው መጠንም በደንብ የተገደበ ነው። ያም ሆኖ ሰው ይሞታል። በመስከረም 5 ቀን 2012 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በአቅራቢያዋ ሙዳሊፓቲ በሚባል ስፍራ አንድ ፋብሪካ ፈንድቶ ከ30 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የፋብሪካው ሠራተኞች አልነበሩም። የመጀመሪያውን እሳት አይተው ሊረዱ ወይም ሊያዩ የሮጡ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ትልቁ ፍንዳታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የእኛ ሰፈር ይታየኛል። እኛስ ጩኸት ስንሰማ የምንሮጠው ወዴት ነው?

ግቢ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቆርቆሮው ይግላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ከዚያ ሰው «ደረሰ ወይ?» ብሎ ይሰብረዋል፣ ያሸዋል። ፍትጊያው ብቻውን ሊበቃው ይችላል።

«በትንሽ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ምን ይሆናል?»

የምድጃ ሙቀት መቆጣጠሪያ ሲበራ ሲጠፋ ነው የሚሠራው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ሲግል ቁጥሩ ላይ ከሚነበበው እጅግ ይበልጣል። የጋዝ ከሆነማ ነበልባል ነው። የፀጉር ማድረቂያም የጋለ ሽቦ አለው፤ በዚያ ላይ አቧራውን ያቦነዋል።

«እሳት ካልቀረበ አይነሳም»

በበጋ ሌሊት ሹራብ ስናወልቅ ጠቅ ጠቅ የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ሰውነታችን እንዲህ ዓይነቱን ብልጭታ የሚያውቀው ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። አንዳንድ ደረቅ ድብልቅ ግን እኛ ከማናውቀው ብልጭታም ሊነሳ ይችላል። ክሎሬት የሚባለው ኦክስጅን ሰጪ ጨውና ድኝ የተቀላቀሉበት ደግሞ በመታሸት ብቻ ሊፈነዳ ይችላል። ብሪታንያ ይህን ቅልቅል ከርችት ያገደችው ገና በ1894 (በፈረንጆች) ነው።

«ትንሽ እኮ ነው»

በሰኔ 30 ቀን 2021 (በፈረንጆች) አሜሪካ ውስጥ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ከአንድ ቤት የያዘውን በእጅ የተሠራ ርችት፣ ፍንዳታ እንዲችል በተሠራ የብረት ጋን ውስጥ ሊያስወግድ ሞከረ። ጋኑ ራሱ ተበተነ። 17 ሰዎች ቆሰሉ፣ ሰፈሩ ተጎዳ። ባለሙያዎቹ የገመቱት ክብደት ከትክክለኛው ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ሥራቸው የሆኑ ሰዎች በዓይን ገምተው እንዲህ ከተሳሳቱ፣ በሻይ ማንኪያ የሚለካ ልጅ እንዴት ይሆናል?

«የራሰ ርችት ሲደርቅ ወደ ድሮው ይመለሳል»

አይመለስም። ባሩዱ ውስጥ ያለው ጨው መሰል ነገር በውሃ ይሟሟል፤ ሲደርቅ ሌላ ቦታ ሄዶ ይረጋል። የሚለኮሰው ክርም ይበላሻል። አንዱ ጭሶ ዝም ሊል ይችላል፤ ሌላው እጅ ላይ እያለ ሊፈነዳ ይችላል። ለልጁም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ፋብሪካ የሠራው ተራ ርችት ከሆነ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቶ ሌሊቱን ማሳደር ነው። ከዚያ በፌስታል ጠቅልሎ መጣል።

ቤት ውስጥ የተቀላቀለው ግን እንዲህ አይደለም። ውሃም አይፈስበትም፣ አይነሳም፣ አይጠረግም። የጓደኛው ቤት የተሰጣ ነገር ካለ ቤተሰቡ በሙሉ ይውጣ፣ በሩ ይከፈት፣ ማንም «ላየው» ብሎ አይመለስ። ከራቁ በኋላ አዲስ አበባ ከሆነ 939 ይደወላል፤ አሜሪካ ከሆነ 911። ምን እንደተቀላቀለ ሳይደብቁ መንገር ነው። ልጁ «ከያዙትስ?» አለኝ። «ይያዙት፤ እጁና ዓይኑ ይትረፉ» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ እፊቴ ደወለለት።