ዲመሩ ላይ የተጻፈው «40–400 ዋት» ምን ማለት ነው?

የሳሎኑን ዲመር (የመብራቱን ድምቀት ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማብሪያ ማጥፊያ) ዝቅ ሲያደርጉት ኤልኢዲ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ፣ አምፖሉን ከመጣልዎ በፊት ዲመሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚያየው 400ውን፣ ማለትም ዲመሩ የሚችለውን ትልቁን ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው ግን 40ው ላይ ነው። የተሰቀሉት አምፖሎች ተደምረው ከ40 ዋት ካነሱ ዲመሩ በትክክል አይሠራም። ድሮ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ብቻውን ይበቃው ነበር። ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አራት ቢሰቅሉ እንኳ 36 ዋት ነው፤ አይሞላም።

ካርቶኑ ላይ «ዲመብል» (በዲመር የሚሠራ) የማይል አምፖል ደግሞ ጭራሽ ዲመር ላይ አይሰቀል። «ዲመብል» ሆኖም ከተርገበገበ፣ እኔ የምመክረው ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር መግዛት ነው። ሲቀየር ብሬከሩ ይጥፋ፤ አደራ! ዲመሩ ጠፍቶም ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ አለ።